ለሚስባህ ሰርግ የመረጥኩት ሰም

ሚስባህ መኪና ይዞ ግቢዬ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት መኪናውን ነው፤ ወላሂ እሱን አይደለም። ጥቁር መርሴዲስ ነው፣ የአጎቱ። አሮጌ ቢሆንም ቀለሙ አልተነካም፣ ጭቃው ግን እስከ መስኮቱ ድረስ ደርቆበታል። "ይሄን የመሰለ ቀለም እንዲህ ይጨማለቃል?" እያልኩ ስጠጋ በሩ ተከፈተና እሱ ወረደ። እግሬ እዚያው ቀጥ አለ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ዊዳድ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ምን ፈለግክ?"

"ላስወለውለው ነበር። እሁድ ለት… ሰርግ አለብኝ።"

ደሴ ውስጥ መኪና የሚያጥብ ጠፍቶ ነው? በየጥጉ ውሃ የሚረጭ ሞልቷል። እሱ ግን ያን ሁሉ አልፎ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኔ ደጅ መጣ። ድፍረቱን አያችሁልኝ!

ይሄን ሰው ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኔና ሚስባህ ተጫጭተን ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ የኒካው ቀን ተቆርጦ፣ የድንኳኑን ሰው ሳይቀር አነጋግረን ነበር። ያኔም ሥራዬ ይሄው ነው። አባቴ እዚህ ግቢ ጋራዥ ነበረው፤ እሱ ሞተር ሲፈታ እኔ ቀለም እወለውላለሁ። አሁን እሱ ደከመውና ግቢው የእኔ ሆነ። የሚስባህ እናት እትዬ ዘምዘም ግን የእኔ ሥራ አልዋጥላቸው አለ። አንድ ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት፣ አክስቶቼም ባሉበት፣ "ጥፍሯ ውስጥ ግራሶ ያለባት ልጅ እኔ ቤት ሊጥ አታቦካም" አሉ። ሰው ሳቀ። ሚስባህ እዚያው እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ትንፍሽ አላለም። "እማ፣ ተይ" ማለት ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል? ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡና "አልሆነም" አሉ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ እስከ በሩ ሸኛቸው።

እናቱን እጠላቸዋለሁ፣ አልዋሽም። የሱን ዝምታ ግን ከሳቸው ምላስ አብልጬ ጠላሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምመኘው። ሰው በተሰበሰበበት እኔ እንዳፈርኩት ሲያፍር ማየት! በሰው ፊት አዋርዶኛል፣ በሰው ፊት ይዋረድ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

"ሌላም ነገር አለ" አለኝ ሚስባህ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። "አፉ እንድትዪኝ ነው የመጣሁት። የሰው ሐቅ ተሸክሜ ኒካ ማሰር ከበደኝ።"

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሐጅ የሚሄድ፣ የሚያገባ፣ ሕመም የጸናበት ሰው ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል። የተጠየቀው እምቢ ካለ ደግሞ ክፉ ተብሎ የሚታማው እሱ ነው። እኔን አዋርዶ፣ አሁን ደግሞ ክፉዋ እኔ ልሆን ነው!

"አፉ ብያለሁ" አልኩት፣ ከከንፈሬ። ልቤ ወሬውንም አልሰማም።

"ከልብሽ ነው? ወላሂ በይ እስኪ።"

"መሐላ ምን አመጣው? ብያለሁ አልኩህ እኮ! ቁልፉን ስጠኝ።"

ወደ መደርደሪያው ወሰድኩትና ደንበኛ ሁሉ እንደሚነገረው ነገርኩት። "ይሄ የሚረጨው ነው። ረጭተህ ትጠርገዋለህ፣ ለጊዜው ያበራል፣ ዝናብ ሲያገኘው የለም። ይሄኛው ሰው ሠራሽ ነው። ይቆያል፣ ግን ብርሃኑ ደረቅ ነው፣ ለነጭ መኪና ይሻላል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ካርናውባ ናቸው፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ጠንካራ።"

ቆርቆሮዎቹን ከፈትኩለት። ካርናውባ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ነው የሚገኘው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ሰሙ ይራገፋል። ብቻውን ከሆነ ድንጋይ በሉት። "መቶ በመቶ ካርናውባ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚዋሸው፤ መቶ በመቶ ቢሆን ማን ይቀባዋል? ዘይትና ሌላ ሰም ይቀላቀልበታል። ብዙ የተቀላቀለበትን ጥፍር ሲነካው ይሰረጉዳል፣ ለመቀባት ይቀልላል፣ ቶሎም ይለቃል። ጠንካራውን ጥፍር አይደፍረውም። መቀባቱ ክንድ ይበላል፣ ጥቁር ቀለም ላይ ሲያርፍ ግን፣ ማሻአላህ! ቀለሙ ይጠልቃል፣ እጃችሁን ብትሰዱ የምትሰጥም ይመስላችኋል።

ለደንበኛ የማልነግረው አንድ ነገር አለ፤ የሚለጥፈው ነገር ከሌለው ምን ያደርግለታል? በዚህ ሰም ላይ የተለጠፈ አይቆይም። ይሄን ያወቅኩት በእጮኝነታችን ጊዜ ነው። ሚስባህ ያኔ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሚኒባሱን በጠንካራው ሰም ቀባሁለትና እሱ ከኋላ "ማሻአላህ" የሚል ተለጣፊ ለጠፈበት። ቦሩ ሜዳ ደርሰን ስንወርድ የለም። ሌላ ለጠፈ፣ እሱም መንገድ ላይ ቀረ። "ይቺ መኪና ምርቃት አልቀበል አለች!" ብሎ ሳቀ፣ እኔም ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ሳቅኩ። 

"አበባ ይለጠፍበታል" አለ ሚስባህ። "እስከዳር ናት የምትሠራው። ኮፈኑ ላይ ትልቅ ልብ፣ ጣራው ላይም ዙሪያውን። የመረጠችው እማ ናት።"

"አበባ የሌለበት የሙሽራ መኪና የት አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን "ከሰርጉ በኋላ አምጣው" እለው ነበር። ወይም የሚረጨውን እሰጠው ነበር። እጄ ግን ወደ ጠንካራው ቆርቆሮ ሄደ። "ለጥቁር ይሄ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የለኝም" አልኩት። ውሸት የለበትም እኮ! ሥራዬን ማን ይከሰኛል? ከሁሉ የሚበልጠውን መረጥኩለት።

ቆርቆሮውን ከእጄ ወስዶ ሰሙን በጥፍሩ ተጫነው።  እኔ ደግሞ አንድ ነገር እንዳይለኝ ትንፋሼን ይዣለሁ።

"አንቺ የመረጥሽው ይሁን" አለኝ፣ ቆርቆሮውን መለሰልኝና ሄደ።

ወላሂ እንደዚያ መኪና የደከምኩበት የለም። ጭቃውን አስለቀቅኩት፣ በሻምፑ ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ጭረቱን ሁሉ በፖሊሽ አወጣሁ። ሰሙን ግን በጨርቅ አልቀባሁትም። ጠንካራ ሰም የሚፈታው በመዳፍ ሙቀት ነው፤ ትንሽ ቆንጥሬ በሁለት እጄ አሸሁት፣ ሲለሰልስ በመዳፌ ኮፈኑ ላይ ዳመጥኩት። ሊጥ አታቦካም የተባለው እጅ ይሄው ነው! እያንዳንዱን ጥግ ስቀባ "ይሄ ለእናትህ፣ ይሄ ለዝምታህ፣ ይሄ ለአባቴ አንገት" እያልኩ ነበር። ሰሙ ሲደርቅ ወልውዬ ጨረስኩና ራሴን ኮፈኑ ውስጥ አየሁት። ፊቴ ላይ የነበረው ፈገግታ ደግ አልነበረም።

ቁልፉን ሊወስድ ሲመጣ "ሙሽራዋን የምታመጣበት ኮምቦልቻ አቧራ ነው፤ መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት አንዴ እንድጠርገው እኔም እወርዳለሁ" አልኩት። ደግነት መስሎት እንደሆነ እንጃ፣ "እሺ" አለኝ። እኔ የምወርደው ግን ለማየት ነው! ይሄን ሳላይማ እንዴት እቀራለሁ?

እሁድ ጠዋት እስከዳር አበባዋን ለጠፈች። እስከዳር ጎረቤቴ ናት፣ አበባ ቤቷ ከግቢዬ አጥር ጋር ይገናኛል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ሰርግ እየሠራች ነው። ውሃ ሲጠፋባት ከኔ ትቀዳለች፣ ለፋሲካ ድፎ ትልክልኛለች፣ እኔም ለኢድ ሳልልክላት አልቀርም። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተሯን እየቆረጠች፣ እየተጫነች፣ ልቡን ኮፈኑ ላይ አሳረፈችው። ቀዩ ጽጌረዳ በጥቁሩ ላይ እንዴት ያምር ነበር! የደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ነውና ፕላስተሩ ያዘ መሰለ። እትዬ ዘምዘም በሩ ላይ ቆመው እልል አሉ። እኔ በወንድሜ በአብዱልባሲጥ መኪና ውስጥ አንገቴን ቀብሬ ተቀምጫለሁ። እስከዳርም አብራን ልትወርድ አጠገቤ ገባች።

እናቱ ከፊት በሌላ መኪና ሄዱ፣ ሚስባህ ራሱ የሚነዳው መርሴዲስ ተከተለ፣ እኛ ከሱ ኋላ ሆንን። ጥሩምባው፣ መንዙማው፣ ጭብጨባው ሌላ ነው። ከከተማው ወጥተን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ከጣራው ላይ አንዲት ጽጌረዳ ተነስታ በረረች። ቀጥላ ሌላ። ከዚያ ጠርዙ በሙሉ ተገነጠለና እንደ ገመድ እየተገረፈ ገደሉ ውስጥ ገባ።

"እሰይ!" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ከመታጠፊያው ስንዞር ልቡ ባንድ ጎኑ ተነሳ። አንዴ መስታወቱን መታ፣ በጣራው ላይ ተንሸራቶ ፊታችን ወደቀ። ወንድሜ "ያ አላህ!" ብሎ መሪውን ጠመዘዘ፤ የኋላ ጎማችን ሲረግጠው ተሰማኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አፌን በነጠላዬ አፍኜ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ። ዓመታት ያጠራቀምኩት ሳቅ ነበር።

"አያቆምም እንዴ?" አለች እስከዳር። "ዓይኑ ሥር እኮ ነው የወደቀው! ቢያቆም ሰብስቤ እመልሰው ነበር። ምን ሆኖ ነው የማያቆመው?"

ዞር ብዬ አየኋት። ታለቅሳለች። "ፕላስተሩ አዲስ ነው፣ ዊዳድዬ። አንቺ አይተሻል፣ እየተጫንኩ ነው የለጠፍኩት። አሁን ማን ሰርግ ይሰጠኛል? ስሜ ጠፋ በቃ።"

ነጠላዬን ከአፌ አነሳሁ። ሁሉን ሳሰላ ከርሜ እስከዳርን ረስቻት ነበር! አበባው የሚስባህ ብቻ መስሎኝ። እንዲህ ያለ ድንቁርና ምን ይባላል?

ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ ሰፈር፣ የሙሽራዋ ቤት ደረስን። ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው በር ላይ ወጥተዋል። መርሴዲሱ ሲቆም ከበሮው ቀነሰ። መስታወቱ ላይ ከታሰረች አንዲት ሪባን በቀር ምንም የለበትም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ዘምዘም ከፊተኛው መኪና ወርደው ሲያዩት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ወየው ጉዴ! የት አለች? ያቺ አበባ ሻጭ የት አለች?"

እስከዳር ዓይኗን እየጠረገች ወረደች።

"አንቺ ሌባ! በልጄ ሰርግ ትቀልጃለሽ? በምራቅሽ ነው የለጠፍሽው? ሁለተኛ ደሴ ውስጥ አበባ ብትሸጪ እኔ ዘምዘም አይደለሁም! ቤት ለቤት ዞሬ ነው የምነግርልሽ!"

ይሄንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሰው መሀል አቁመው ሲጥሉ የሚያወጡት ድምፅ ነው፤ ያኔ እኔን የጣሉበት። በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

"እትዬ ዘምዘም፣ እሷን ይተዉአት። እኔ ነኝ።"

"አንቺ? አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

"መኪናውን የቀባሁት እኔ ነኝ። የቀባሁት ሰም አበባ አይዝም፤ አውቄ ነው የቀባሁት። በዚህ እጄ!" መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው። "ጥፍሬን ይዩት፣ እስኪ ዛሬም ግራሶ አለው?"

 ሰው ሁሉ ወደ ሚስባህ ዞረ። የጠበቅኳት ደቂቃ ይቺ ነበረች። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ በሚዜዎቹ መሀል፣ በአማቾቹ ደጅ ቆሟል። አሁን አንገቱን ይደፋል፣ ዝም ይላል፣ እናቱ እየጮኹ እሱ መሬት መሬት ያያል፣ ሙሽራዋም ምን ዓይነት ባል እንደደረሳት በመጀመሪያው ቀን ታያለች። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት።

አንገቱን ቀና አደረገ።

"እማ፣ ተይ" አለ።

እነዚያኑ ሁለት ቃላት! ሌላ ቃል ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

"ምን ተይ ትለኛለህ? አልሰማህም ያለችውን?"

"ሰምቻለሁ። እኔም አውቅ ነበር። ሰሙን ስትመርጥ አጠገቧ ነበርኩ፣ አበባ እንደማይዝ እያወቅኩ እሺ ብዬ አስቀባሁት። መንገድ ላይም ሲወድቅ እያየሁ አላቆምኩም። እስከዳር ጥፋት የለባትም፣ ዊዳድም የለባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የዛሬም የያኔውም።"

 ከዚያ የሙሽራዋ አባት፣ አላህ ይስጣቸው፣ አላውቃቸውም፣ ወደ መኪናው ተጠግተው ኮፈኑን በእጃቸው ነኩት። "ሱብሐነላህ! ይሄ ምን አበባ ያስፈልገዋል? ሰማዩ እኮ ውስጡ አለ!" አሉና ሳቁ። ሰውም ሳቀ፣ ከበሮው እንደገና ተመታ። ማንም አላፈረም። ማንም!

ሙሽራዋን ሲያመጧት ጨርቄን ይዤ በሩን ጠረግኩ፤ የመጣሁበት ሥራ ነውና። ረሂማ ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት። በሩ ላይ ራሷን አይታ ዓይነ ርግቧን አስተካከለችና "ጀዛኪላህ፣ እህቴ፣ እንዴት አሳምረሽዋል!" አለችኝ። ምንም አታውቅም። ምን ልበላት? "መብሩክ" አልኳት።

ሚስባህ በወዲያኛው በር ሊገባ ሲል አጠገቤ ቆመ።

"የሚኒባሱ ተለጣፊ ትዝ ይልሽ የለም?" አለኝ በሹክሹክታ። "ቆርቆሮውን ስታነሺ ገባኝ። ያኔ ዝም ላልኩት ይካስሽ ብዬ ነው የተውኩሽ። ያን ቀን አፉ ያልሽኝ ከአፍሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁንስ? አሁን አፉ በይኝ።"

 አብሮኝ ነበረ እኮ! ቦሩ ሜዳ ላይ አብሮኝ ስቋል፣ እንዴት ረሳሁት? የተበቀልኩ መስሎኝ ያን ሁሉ ስስቅ፣ እሱ በእጁ ቆርሶ የሰጠኝን ነው ለካ የበላሁት። ቁጭቴን እንኳ ለራሴ አልተወልኝም።

"ይሄ አፍህ ያኔ የት ነበር?" አልኩት።

የበሩን እጀታ ያዘ።

"ለአበባ ብለህ የተናገርከውን ያኔ ለእኔ ብለህ ብትናገረው ኖሮ ዛሬ እዚያ ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ሂድ፣ ሙሽራህ እየጠበቀችህ ነው። አፉ የምልህ ቀን ራሴ ደጅህ መጥቼ እነግርሃለሁ።"

ገባ። መኪናው እያብለጨለጨ ሄደ።

ሐረጎን ስንወጣ እስከዳር "አቁምልኝ" ብላ ወረደች፤ ለሌላ ሰርግ የሚሆን ካለ ብላ ከመንገዱ ዳር ያልተረገጠውን ለመልቀም። እኔም ወርጄ አብሬያት ለቀምኩ። ጥቂት እንደሄድን ቀና ብላ አየችኝ።

"አበባዬ ምን አድርጎሽ ነው፣ ዊዳድ?"

"ምንም። አንቺን ረስቼሽ ነው። አፉ በይኝ፣ እስከዳርዬ።"

"ይቅር ለእግዜር" አለችኝ፣ ወዲያው፣ አንዲት ጽጌረዳ ከአቧራው እያራገፈች። እንዲህ በቀላሉ! ጎንበስ ብላ መልቀሟን ቀጠለች፣ ወደ ደሴ እስክንደርስም ስለ ልጆቿ ስታወራኝ ነበር።

የሚስባህን ቤት አውቀዋለሁ፣ ከግቢዬ ሩቅ አይደለም። እስካሁን አልሄድኩም።